ግራጫው ሱሪ

የምሥራች ኬንያ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ማዶ፣ በቆሎ ከሚጠብስ ሰውዬ አጠገብ ቆማ የሰው ሱሪ ትቆጥራለች። የሕንፃው በር በተከፈተ ቁጥር ዓይኗ ከአንገት በላይ አይወጣም። እዚያ ከቆመች ግማሽ ሰዓት ሆኗታል፤ የአንዱን ሰው ፊት አስታውሺ ብትባል ግን አታስታውስም። የምታየው ጫማ፣ ሱሪ፣ ቀበቶና ኮሌታ ብቻ ነው።

«ጂንስ፦ ዜሮ» ብላ በደብተሯ ጀርባ ጻፈች። «ክራቫት፦ ሁለት ሰው፣ ሁለቱም ሽማግሌ። ሴቶች፦ የጨርቅ ሱሪ ወይም ከጉልበት የሚያልፍ ጉርድ። ሸሚዝ ባለ ኮሌታ። ጫማ ድፍን።»

በቆሎ ጠባሹ ሲታዘባት ቆይቶ «ሰው ጠፍቶብሽ ነው?» አላት በስዋሂሊ።

«የለም፣ ልብስ ነው የጠፋኝ» አለችው። ሰውዬው ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሥራችና የክፍል ጓደኛዋ ምርቃት በነሐሴው እረፍት ሁለት ሳምንት እዚህ ሕንፃ ላይ ባለ የአርክቴክቶች ቢሮ እየሠሩ እንዲማሩ ትምህርት ቤታቸው መርጧቸዋል። የምሥራች ገና በአሥር ዓመቷ የቤት ፕላን መሣል የጀመረች፣ ሰው ቤት ስትሄድ ሳሎኑን በእርምጃ የምትለካ ልጅ ናት። ደብዳቤው የደረሳት ቀን እንጀራ አልበላ ብሏት ነበር፣ ከደስታ። ችግሩ የደብዳቤው የመጨረሻ መስመር ነው፦ «አለባበስ፦ ቢዝነስ ካዥዋል።» እነዚህ ሁለት ቃላት ቤታቸውን ገለባበጡት።

«ቢዝነስ ከሆነ ካዥዋል ምን አመጣው?» አለች እናቷ እህተማርያም፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ። «ካዥዋል ከሆነስ ቢዝነስ ምን ዶለው? አንዱን አይመርጡም?»

የምሥራች ምርቃት ጋ ደወለች። «አቦ ተረጋጊ» አለቻት ምርቃት። «ካዥዋል ማለት ጂንስ ነው፣ ቢዝነስ ማለት ደግሞ ፀጉርሽን ማበጠር ነው። ፊኒሽ።»

እናቷ አልተዋጠላትም። «ልብስ በወሬ አይለካም። ሂጂና ከሥራ ሲወጡ በዓይንሽ እያቸው» ብላ ላከቻት። እህተማርያም ስለ ልብስ ስትናገር ክርክር የለም። ልብስ ሰፊ ናታ! ኪሌሌሽዋ ውስጥ ከአንድ ትልቅ ግቢ ጓሮ፣ ድሮ ለሠራተኞች ተብለው በተሠሩ ሁለት ክፍሎች ይኖራሉ። የስፌት መኪናዋ ብርሃን እንዲያገኝ በሩ ሥር ተተክሏል። የሐበሻ ሚዜ ቀሚስ፣ የኬንያዊት ጸሐፊ ጉርድ፣ የማን ዚፕ የማን እጅጌ፣ ሁሉም እዚያች በር ላይ ያልፋል። እህተማርያም ያጠበበችው ሱሪ፣ ይባላል፣ እዚያው ወገብ ላይ ተወልዶ ያደገ ይመስላል።

ቅዳሜ ጠዋት ቶይ ገበያ ወረዱ። ከባሕር ማዶ በቦንዳ የመጣው የሰው ልብስ፣ ሚቱምባ የሚሉት፣ በየሸራው ላይ ተራራ ሆኗል። ሌላው ሰው ቀለም ያያል፤ እህተማርያም ግን ጨርቁን በሁለት ጣቷ ታሽና ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከዚያ ትገለብጥና የውስጡን ስፌት ታነባለች። ከአንድ ሰዓት ቁፋሮ በኋላ ጥቁር ግራጫ የሱፍ ሱሪ መዝዛ አወጣች።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ሦስት ሰው ያስገባል!»

«ሁለቱን እናስወጣቸዋለና» አለች እናቷ፣ ከሻጩ ጋር ዋጋ ለመከራከር እጅጌዋን እየሰበሰበች።

እሑድ ማታ ላይ ሱሪው ሌላ ሱሪ ሆነ። የምሥራች ለብሳው በመስታወቱ ፊት ወደ ኋላዋ፣ ወደ ጎኗ ዞረች። የሆነ ትልቅ ሰው ትመስላለች፤ ሥራ ያላት፣ ቁልፍ የያዘች ሰው። ገና ሰኞ ልታበላሸው አልፈለገችም። ለሰኞ ሰማያዊ ጉርዷንና ነጭ ሸሚዟን አዘጋጅታ ሱሪውን ለማክሰኞ ሰቀለችው።

ሰኞ ጠዋት ምርቃት ከሀብታሞቹ ሰፈር ከሩንዳ በአባቷ መኪና ከነሾፌሩ መጣች። ጉልበቱ የተቀደደ ጂንስና እጇን ስታነሳ እምብርቷን የሚያሳይ ቲሸርት ነው የለበሰችው። የቢሮው ኃላፊ ሚስስ ሙቱዋ አልጮኹም፣ አልተቆጡም። ወደ ጎን ጠርተው «ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብበሽው ነበር?» ብቻ አሏት። ምርቃት ግን መወቀስ የማታውቀው ነገር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከወንበሯ ሳትነሳ ዋለች። ውኃ እንኳ ለመቅዳት አልተነሳችም።

ማታ ኪሌሌሽዋ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «የምሥ፣ አድኚኝ። እማዬ ዱባይ ናት። ቁም ሳጥኔ ውስጥ ያለው ወይ ጂንስ ነው ወይ የልደት ቀሚስ። አንድ ነገር ስጪኝ፣ ፕሊስ።»

ሁለቱ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ አንድ ናቸው። ቁመታቸው አንድ፣ ወገባቸው አንድ፣ ቤታቸው ብቻ ነው የተለያየው። ልብስ መዋዋስ ለእነሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ እስከ ዛሬ ግን አዋሺኝ ባይዋ የምሥራች ነበረች። አሁን በተራዋ ስትለመን ደስ አላት። ሱሪውን ከመስቀያው ስታወርድ ግን ትንሽ ቅር አላት፤ ራሷ እንኳ ገና ለብሳው አልወጣችማ። ሰጠቻት።

ማክሰኞ ጠዋት ምርቃት ግራጫውን ሱሪ ለብሳ ገባች፤ ሚስስ ሙቱዋም ብርጭቋቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

«ይኸውልሽ! ቢዝነስ ካዥዋል ማለት ይሄ ነው። ዞር በይ እስቲ፤ አቆራረጡ እንዴት ያምራል! ከየት አገኘሽው?»

ምርቃት ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። «እናቴ ከለንደን ነው ያመጣችልኝ።»

ወይ ጉድ! ሱሪው ከቶይ ገበያ ተነሥቶ ያለ ቪዛ ለንደን ገባ። የምሥራች አንገቷን ጠረጴዛዋ ላይ እንደደፋች ቀረች። ምርቃት በሚስስ ሙቱዋ ጀርባ ጠቀሰቻት፣ የምሥራችም ፈገግ አለች። ምን ልትል ኖሯል? «ያዋስሽውን ልብስ ሰው ላይ ስታዪ እንዳላየሽ እለፊ» እየተባለች ነው ያደገችው። ልብስ አውሶ «የኔ ነው» ማለት በእነሱ ቤት ከስርቆት እኩል ነውር ነው። ደግሞስ የተመሰገነው የእናቷ እጅ አይደል? ማታ ለእናቷ ልትነግራት አፏን ከፈተችና ለንደን ምላሷ ላይ ስትደርስ ዋጠችው። እናቷ ምርቃትን እንደ ልጇ ነው የምታያት፤ በአንዲት ትንሽ ቅጥፈት ዓይኗ እንዲጠቁርባት አልፈለገችም።

ረቡዕ ለየምሥራች የተባረከ ቀን ነበር። ቢሮው ለአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሊሠራ ነው፤ ሁለቱ ልጆች የሕንፃውን ሞዴል ከካርቶን እንዲሠሩ ታዘዋል። ምርቃት ስፖንጅ አረንጓዴ እየቀባች ዛፎቹን ሠራች። ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ደረጃውን፣ እያንዳንዷን መስኮት የቆረጠችና ያጣበቀች የምሥራች ናት። የልብስ ሰፊ ልጅ መቀስ አያስቸግራትም። ሚስስ ሙቱዋ ጎንበስ ብለው በትንሿ በር ወደ ውስጥ አዩና «ሰኞ የትምህርት ቤቱ ቦርድ መጥቶ ያየዋል። የምሥራች፣ አንቺ ታስረጂያቸዋለሽ» አሉ። «ጥሩ ያስረዳ ሰው ደግሞ በታኅሣሥ እንደገና ይጠራል።»

የምሥራች ያን ዕለት ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ ሙዚቃው ጆሮ እየበጠሰ፣ ለቦርዱ የምትለውን ለራሷ እያጉተመተመች ሄደች። «ይህ በር ወደ ምሥራቅ የዞረበት ምክንያት…» አጠገቧ ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ አየቻት።

ምርቃት ሱሪውን ረቡዕ ማታ በሾፌሩ ላከችላት። ሐሙስ ጠዋት የምሥራች ተኩሳ ለበሰችው። እንዴት እንደተጠነቀቀችለት! ማታቱ ውስጥ እንዳይጨማደድ ቆማ ሄደች። ቢሮ ስትደርስ ሚስስ ሙቱዋ በኮሪደሩ አገኟትና «ደህና አደርሽ» ሊሉ ጀምረው ዓይናቸው ሱሪው ላይ ቀረ። ከፍ ብለው ፊቷን አዩ፣ እንደገና ሱሪውን አዩ። ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቆየት ብሎ ከፎቶ ኮፒው ማሽን አጠገብ ከምርቃት ጋር ሲያወሩ የምሥራች ከሩቅ አየቻቸው። ምርቃት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች፤ ሚስስ ሙቱዋ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። የምሥራች ስለ ሌላ ነገር መስሏት ወደ ካርቶኗ ተመለሰች።

ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ለሻይ፣ ሁሉም ወደ ስብሰባ ክፍሉ ተጠሩ። አሥራ ሁለቱም ሠራተኞች አሉ። ቦንቦሊኖ መሳይ ማንዳዚ በትሪ ቀርቧል። ጠረጴዛው ላይ ከአፉ የተንጠለጠለ ሪባን ያለው አንድ ትልቅ ከረጢት ተቀምጧል። የምሥራች የማን ልደት ይሆን ብላ ዙሪያዋን አየች።

«እኛ ኬንያውያን» ብለው ጀመሩ ሚስስ ሙቱዋ፣ «አንድ ሰው ሲቸገር ሀራምቤ እንላለን። ካለን ላይ እናዋጣለን። ለቀብር አዋጥተናል፣ ለትምህርት ቤት አዋጥተናል። ዛሬ ደግሞ ለራሳችን ልጅ ነው።» ወደ የምሥራች ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «የምሥራች፣ በቤታችሁ ያለውን ሁኔታ ምርቃት ነገረችን። የሚለበስ እንኳ እንደሌለሽ። እሷ የራሷን ሱሪ፣ እናቷ ከለንደን ያመጣችላትን፣ አውልቃ ሰጥታሻለች። እኛም ከጓደኛሽ እንማር ብለን እያንዳንዳችን አንዳንድ ነገር ይዘን መጥተናል። ፖሌ ሳና፣ የኔ ልጅ። አይዞሽ።»

ጭብጨባ ሆነ። የሚያጨበጭቡት ሰዎች ፊት ላይ ክፋት የለም፤ እንዲያውም ያ ነው የባሰው። አንዲት ጸሐፊ ተነሥታ አቀፈቻት። አንድ ሽማግሌ አርክቴክት ራሱን ነቀነቀላት። የምሥራች ፊቷ እንደ እሳት ሲነድ፣ ጆሮዋ ሲጮህ ተሰማት። በሰዎቹ ትከሻ መሐል ምርቃትን ፈለገቻት። ምርቃት መሬት መሬት እያየች ታጨበጭባለች። በቀስታ ነው፤ ግን ታጨበጭባለች።

«ተናገሪ» አሏት። የምሥራች «አሳንቴ» ብላ ብቻ አመሰገነች። ሁሉም እንባ የተናነቃት ከደስታ መሰላቸው።

ሰው ወደ ሻዩ ሲዞር ሚስስ ሙቱዋ ትከሻዋን ያዙ። «የሰኞውን ነገር ደግሞ አስቤበታለሁ። የሚመጡት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ በዚህ ሁሉ ላይ አንቺን ማስጨነቅ አልፈልግም። ምርቃት ትናገራለች፣ አንቺ ከጎኗ ትቆሚያለሽ። እሺ?»

እሺ አለች። እሺ ከማለት ሌላ ምን አቅም ነበራት?

ከሕንፃው በር ላይ ምርቃት የአባቷን ሾፌር ስትጠብቅ አገኘቻት። የምሥራች ከረጢቱን እግሯ ሥር አስቀመጠች።

«የሚለበስ የላትም አልሽ?»

«የምሥ፣ ቆይ አትጩሂ…»

«አልጮህኩም። የሚለበስ የላትም አልሽ?»

ምርቃት ዙሪያውን ቃኘች። «ምን ላድርግ ታዲያ? ሚስስ ሙቱዋን ለንደን ብያታለሁ! አንቺ ደግሞ ሐሙስ ለብሰሽው ዱብ አልሽ። ‹ያ የአንቺ ሱሪ አይደለም?› ብላ ያዘችኝ። ለምንድን ነው የለበስሽው? ሌላ ሳምንት ብትለብሺው ምን ነበረበት?»

«ሱሪዬን ነዋ!»

«አውቃለሁ ሱሪሽ ነው! ግን አንድ ቃል ብትጠይቂኝ ኖሮ…» ምርቃት ድምጿ ተሰበረ። «አዋስኳት ማለት ብቻ ነበር የፈለግሁት። እሷ ለምን ስትለኝ ቤታቸው ትንሽ ችግር አለ አልኩ። ከዚያ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ከረጢት ያዋጣሉ ብዬ በምን ልወቅ? ደግሞ እይው፣ ጥሩ ጥሩ ልብስ ነው ያመጡልሽ። ምን ተጎዳሽ?»

ምን ተጎዳሽ! ስድስት ዓመት ሙሉ፣ የየምሥራችን ምስጢር ሁሉ፣ አባቷ ጥሏቸው ሲሄድ ያለቀሰችውን እንኳ የምታውቅ ይቺ ልጅ ናት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ትሰማ ነበር፤ ሲጥል ምን ያህል እንደሚያም ግን ማንም አልነገራትም። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ምርቃት «ላድርስሽ?» አለች። የምሥራች ከረጢቷን አንሥታ በእግሯ ሄደች።

እናቷ ከረጢቱን ስታይ ደንበኛ የላከው ሥራ መሰላት። አልጋው ላይ ዘረገፈችና እንደ ልማዷ አንድ በአንድ ታሽ ጀመር። «ይሄ ጥሩ ጨርቅ ነው… ይሄ ቁልፍ ይጎድለዋል… ይሄ ኮት ብብቱ ሄዷል፣ ይስተካከላል። የማን ነው? መቼ ይድረስ አሉ?»

«የኔ ነው፣ እማዬ።»

«የምን ያንቺ?»

«ቢሮ… አዋጥተው ሰጡኝ። የምትለብሰው የላትም ብለው።»

የእህተማርያም እጅ ኮቱ ላይ ቆመ። መቆጣት ብትቆጣ ይሻል ነበር። አልተቆጣችም። «ለምነሽ ነው?» ብላ ጠየቀች፣ በቀስታ። የምሥራች «በእመቤቴ፣ አልለመንኩም!» ስትላት አመነቻት። ማን እንዳስወራ ግን የምሥራች መናገር አቃታት። የምርቃትን ስም ብትጠራ ሁሉም ነገር ያኔ እውነት የሚሆን መሰላት።

እናቷ ልብሶቹን አጣጥፋ ወደ ከረጢቱ መለሰች። ከዚያ «ሱሪውን አውልቂልኝ እስቲ» አለች።

ተቀብላ ገለበጠችው። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ስፌቱን በጥፍሯ እየተከተለች አየች። አንዱን እግር ጨረሰች፣ ሌላውን ጀመረች። «የቱ ጋ ነው?» አለች ለራሷ። «የቱ ጋ ነው ያስነወርኩሽ? ጠርዙ ነው? ወይስ ሚቱምባ መሆኑ ታወቀ?» ሃያ ዓመት የሰፋች ሴት፣ የሰው ሙሽራ ያለበሰች ሴት፣ ያልጎደለውን ጉድለት በገዛ ሥራዋ ላይ ትፈልጋለች።

«እማዬ፣ ምንም የለውም!»

«ምንም ከሌለው ሰው ለምን ልብስ ያዋጣል?» አለች። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ መኪናዋ ላይ አልተቀመጠችም። ደንበኛ ሲመጣ «አሞኛል» አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው ተበታትኖ ሰላም ይባባላል። ምርቃት የምሥራችን ከአጥሩ አጠገብ አገኘቻትና ክንዷን ይዛ ወደ ዛፉ ጥላ ወሰደቻት። እንደ ድሮው ልትስማት ጉንጯን አቀረበች። የምሥራች አልተንቀሳቀሰችም።

«አኩርፈሻል፣ መብትሽ ነው» አለች ምርቃት። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሱሪውን ለነገ ስጪኝ። ሚስስ ሙቱዋ ዓርብ ልንወጣ ስንል ‹ያን የመሰለ ልብስ ለቦርዱ ነበር፣ ለአንድ ቀን ከእሷ ተዋሺውና ልበሺው› አለችኝ። ሌላ ነገር ለብሼ ብመጣ ምን እላታለሁ? የመጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ በናትሽ ስለዚህ ሱሪ አናነሣም።»

የምሥራች ጆሮዋን ተጠራጠረች። «የገዛ ሱሪዬን፣ የኔን ሞዴል ልታስረጂበት?»

«ዛፎቹን እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች ምርቃት፣ ለራሷም እንዳልበቃት በሚያስታውቅ ድምፅ።

በዚህ መሐል እህተማርያም ነጠላዋን እያስተካከለች መጣች። ምርቃት ፊቷን ቶሎ ለወጠች። «እትዬ እህተማርያም! እንዴት ሰነበቱ?» ብላ ሦስት ጊዜ ሳመቻት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኔ ልጅ። እንኳን አገኘሁሽ» አለች እህተማርያም። ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ የሰፈር ሰው እንዳይሰማ ዙሪያዋን አየች። «አንቺም እዚያው ቢሮ ነሽና እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቀየምም። የልጄ ልብስ ምኑ ነው ያስጠላቸው? ስፌቱ ነው? የምሥዬ እንዳይከፋኝ ብላ ትደብቀኛለች።»

የምሥራች ምርቃትን አየቻት። አሁን ትነግራታለች ብላ አሰበች። እንዲህ ያለ ዓይን እያያት፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆማ፣ የልጅነት ቀሚሷን ሁሉ የሰፋችላትን ሴት አትዋሻትም። አንድ ቃል ብትናገር፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብትል፣ የምሥራች ሁሉንም ልትተውላት፣ የሰኞውን ንግግር ጨምራ ልትተውላት ከልቧ ተዘጋጅታ ነበር።

ምርቃት የጫማዋን ጫፍ አየች። «አይ እትዬ… ብዙም አይደለም። ጨርቁ ትንሽ… ስፌቱም ትንሽ ወጣ ወጣ ያለ መሰላቸው መሰለኝ። እነሱ የለንደን ነገር ስለለመዱ ነው። አይዘኑ።»

እህተማርያም ራሷን ነቀነቀች። «ዓይኔ ደክሟል ማለት ነው» አለች። «እኔም ጠርጥሬ ነበር።»

ያኔ የምሥራች ውስጥ የነበረው መርበትበት ድንገት ቆመ። ሁለት ቀን ሙሉ ስታለቅስ፣ ለራሷ ስትከራከር፣ ከምርቃት ጋር በሐሳቧ ስትጣላና ስትታረቅ ነበር። አሁን የሚያከራክር ነገር አልቀረም። የእናቷን ክንድ ያዘች።

«እማዬ፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ከእኔ ጋር ትመጫለሽ?»

«እኔ? እዚያ ምን ላደርግ?»

«ኃላፊያችንን ላስተዋውቅሽ። ቦርዱ ከመምጣቱ በፊት፣ በሁለት ሰዓት። የምነግራት ነገር አለኝ፣ አንቺ ባለሽበት ነው የምነግራት። ከረጢቱንም እንይዛለን።»

«የምሥ…» አለች ምርቃት። ፊቷ ላይ ደም አልቀረም። «የምሥ፣ ፕሊስ። እዚሁ እንጨርሰው።»

የምሥራች ወደ እሷ አልዞረችም። እህተማርያም ልጇን አየች፣ ምርቃትን አየች፣ እንደገና ልጇን አየች። የገባት ነገር ይኑር አይኑር ከፊቷ አያስታውቅም። ቀስ ብላ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች።

«ቢሮ ደግሞ» አለች፣ «ምን ለብሼ ነው የምሄደው?»

«የራስሽን» አለች የምሥራች፤ ክንዷን እንደያዘች ወደ በሩ መንገድ ጀመሩ።